የስም ምልክትና የግሥ ትኩረት፤ ታጋሎግና የይፋግ ገበያ አማርኛ

በፊሊፒንስ በሚነገረው ታጋሎግ «ገዛ» የሚለው ግሥ እንደ ትኩረቱ መልኩን ይለውጣል። ገዢው ሲተኰርበት «ቡሚሊ»፥ የተገዛው ነገር ሲተኰርበት «ቢኒሊ»፥ የተገዛለት ሰው ሲተኰርበት «ኢቢኒሊ» ይባላል። ግሡ የመረጠው ስም «አንግ» የሚለውን ምልክት ከፊቱ ያስቀድማል፤ ገዢውም ካልተመረጠ ምልክቱ ወደ «ናንግ» ይለወጣል። የስሙ ምልክትና ግሡ አብረው ይሄዳሉ።

አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያያል። ከጣና በስተ ምሥራቅ ካለውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት በንግድ ከታወቀው ከይፋግ ገበያ ምሳሌ እንውሰድ። «ነጋዴው ማሩን መዘነው» ስንል፥ በስሙ ላይ ያለው «ን»ም በግሡ ጫፍ ያለው «ው»ም ማሩን ይመለከታሉ። «በዚህ ሚዛን ነጋዴው ማሩን መዘነበት» ስንል ግን፥ «ን» ከማሩ ሳይለቅ ግሡ ፊቱን ወደ ሚዛኑ ያዞራል። «መዘነውበት» አይባልምና ተናጋሪው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል (ይህ «ይሆንበታል» ራሱ ሌላ ምሳሌ ነው)። ነጋዴው ግን በሁለቱም ባለቤት እንደ ሆነ ይኖራል።

ስለዚህ «ን»ን የተሳቢ ምልክት ነው ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰዋስው የግሡን ምርጫ ሳያስተምር ይቀራል። «ገበሬው በሬው ሞተበት» በሚለው የግሡ ባለቤት በሬው ነው፤ ገበሬው ያለ አንዳች መስተዋድድ ከፊት ቆሟል፥ ተጐጂነቱንም የሚነግረን «በት» ብቻ ነው።

የገበያ ጠብ ሲዳኝ ምስክሩ «መዘነበት» ቢል፥ በሚዛኑ ማለቱ ነውን ወይስ በገዢው ላይ? ግሡን ብቻ ነጥሎ የመዘገበ ተመራማሪ ይህን ሊለይ አይችልም።