የፊደል ውፍረት በስክሪን ላይ

የባንክ አፕ ስንከፍት ዓይናችን በቅድሚያ ቀሪ ሂሳቡ ላይ የሚያርፈው፣ ቁጥሩ በዙሪያው ካለው ጽሑፍ ጎላና ወፈር ተደርጎ ስለተጻፈ ነው።

ይህ ውፍረት በቁጥር ይጠራል። የድረ ገጾች ገጽታ በሚወሰንበት ቋንቋ በሲኤስኤስ 400 መደበኛው፣ 700 ቦልዱ ነው፤ 100 እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ 900 እጅግ የወፈረ። ውፍረትን በቁጥር መሰየም ከድረ ገጽ ይቀድማል፤ ስዊዘርላንዳዊው አድሪያን ፍሩቲገር እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው ዩኒቨርስ ፎንቱ ላይ ተጠቅሞበታል። ቁጥሩ ግን የደረጃ መጠሪያ እንጂ ልኬት አይደለም፤ የአንዱ ፎንት 500 ከሌላው 600 ሊወፍር ይችላል።

የላቲን ጽሑፍ አንድን ቃል ለይቶ ለማሳየት ከውፍረት ሌላ ትልልቅ ፊደላትና ያዘመመ አጻጻፍ አለው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቅዱሳት ስሞችንና አርእስትን በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ አፕ ላይ ግን ቀይ የስህተት ማስጠንቀቂያ ሆኗል። ስለዚህ በአማርኛ ገጽ ላይ አብዛኛው ሸክም መጠንና ውፍረት ላይ ይወድቃል፤ እኔም ጉዳዩ ከላቲኑ ይልቅ እኛን ይመለከታል የምለው ለዚህ ነው።

ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለ ፎንት ቦልድ ሲጠየቅ ሶፍትዌሩ የመደበኛውን ፊደል መስመር ዳር ዳሩን ያሰፋዋል። ያን ጊዜ የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል፤ በትንሽ መጠን «ሴል» የተጻፈው «ሲል» ይመስላል። እውነተኛ ቦልድ የሚስል ባለሙያ ግን ፊደሉን ወደ ጎን ሰፋ፣ ውስጠኛውን መስመር ቀጠን አድርጎ ቀለበቱን ክፍት ያቆየዋል። ይህ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚደገም ሥራ ነው። ከ100 እስከ 900 ያሉትን ውፍረቶች አሟልቶ በነፃ የሚገኘውን የጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እንደ ትልቅ ስጦታ የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም የተደበቀ ወጥመድ አለ። ዲዛይነሩ ለንባብ 400፣ ለንዑስ ርዕስ 500 ይመርጣል እንበል። ፎንቱ 400 እና 700 ብቻ ካለው ብራውዘሩ 500ን በ400 ይተካዋል፤ ርዕሱና ጽሑፉ አንድ ይሆናሉ። 600 ቢጠየቅ ደግሞ ወደ 700 ይወጣል።

በጥቁር ዳራ ላይ ነጭ ፊደል ወፍሮ ስለሚታይ፣ ለሌሊት ገጽታ ውፍረቱን በጥቂቱ መቀነስ ይበጃል። የመጨረሻው ፈተና በርካሽ ስልክ፣ በትንሹ መጠን፣ ጭ፣ ጬ፣ ጯ እና ዤ ያሉበትን መስመር በቦልድ አስነብቦ ማየት ነው።