የአሮጌ ራዲዮ ጥቅል ሽቦና የኢንደክታንስ ልኬት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ መልክዐ ምድር ለራዲዮ ሞገድ አስቸጋሪ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በመርሐቤቴ በኩል የጀማ ወንዝ ሸለቆ ከ1500 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በመካከል ያለው ገደልና ተረተርም ቀጥ ብሎ የሚጓዘውን የኤፍ ኤም ሞገድ ይጋርደዋል፣ መሬት ለመሬት የሚሄደውን መካከለኛ ሞገድ ደግሞ ያደክመዋል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ተልኮ አዮኖስፌር ከተባለው፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ካደረገው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ ከደጋውም ከቆላውም ይደርሳል። የኢትዮጵያ ራዲዮ ከገጃ ማሰራጫ ጣቢያው በመካከለኛ ሞገድ 873፣ በአጭር ሞገድ 7110 ኪሎኸርዝ ሲያሰራጭ፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያም የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ስለዚህ በእነዚህ ወረዳዎች በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ዋጋው የሚለካው በአብዛኛው አጭር ሞገዱን አጥርቶ በመያዙ ነበር፤ ይህን የሚወስነው ደግሞ ጠጋኞች ኮይል የሚሉት ጥቅል ሽቦ ነው።

በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ፍሰቱ በተለወጠ ቁጥር መስኩም ስለሚለወጥ፣ በሽቦው ላይ ለውጡን የሚቃወም ቮልቴጅ ይነሣል፤ የዚህ ተቃውሞ ብርታት ኢንደክታንስ ይባላል። ከባድ የውሃ ወፍጮ ድንጋይ ለመነሣትም ለመቆምም እንደሚያስቸግር፣ ኢንደክታንሱ ትልቅ የሆነ ጥቅልም ፍሰቱ በድንገት እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ አይፈቅድም። መለኪያው በአሜሪካዊው ሊቅ በጆሴፍ ሄንሪ ስም ሄንሪ ተብሏል፤ በራዲዮ ውስጥ ግን የሚያገለግለው የአንድ ሄንሪ ሚሊዮንኛ፣ ማለትም ማይክሮሄንሪ ነው።

ጥቅሉ ብቻውን ጣቢያ አይመርጥም። ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅመው ካፓሲተር (በጠጋኞች አነጋገር ኮንደንሰር) ጋር ጎን ለጎን ሲገናኝ ግን ጉልበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ለአንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚበረታ የኤሌክትሪክ ዑደት (ሰርኪዩት) ይፈጥራሉ፤ ይህ ሁኔታ ሬዞናንስ ይባላል። ሒሳቡ አጭር ነው፤ ፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርዝ፣ ካፓሲተሩ በፒኮፋራድ ከታወቀ፣ 25330ን ለፍሪኩዌንሲው ካሬና ለካፓሲተሩ ብዜት በማካፈል ኢንደክታንሱ በማይክሮሄንሪ ይገኛል። በዚህ መሠረት ካፓሲተሩ 100 ፒኮፋራድ ቢሆን 873 ኪሎኸርዝን ለመያዝ ወደ 330 ማይክሮሄንሪ ሲያስፈልግ፣ ለ7110 ኪሎኸርዝ የሚበቃው 5 ማይክሮሄንሪ ነው። በመካከለኛ ሞገድ ጥቅል ላይ ሽቦው በብዙ ዙር የሚታየውና በአጭር ሞገድ ጥቅል ላይ ጥቂት ዙር ብቻ የሚገኘው፣ ባንድ መቀየሪያውም ሲዞር ጥቅሎቹን የሚለዋውጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንደክታንስ ከዙሩ ብዛት ካሬ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ተጠጋግተው የተጠመጠሙ ዙሮችን እጥፍ ማድረግ ኢንደክታንሱን ወደ አራት እጥፍ ያደርሰዋል። ፌራይት የተባለው ጥቁር የሸክላ ዘንግ በውስጡ ሲገባ ደግሞ የበለጠ ከፍ ይላል፤ ጥቅሉ በዘንጉ ላይ ወደ መሐል ሲገፋ ይጨምራል፣ ወደ ዳር ሲሳብ ይቀንሳል። ፋብሪካው ቦታውን ካስተካከለ በኋላ በሰም የሚያጣብቀውም ለዚህ ነው። ራዲዮው ወድቆ ዘንጉ ከተሰበረ፣ ሽቦው አንዳች ሳይነካ ኢንደክታንሱ ስለሚዛባ ጣቢያዎቹ ደክመው ይሰማሉ።

በልኬት ረገድ በጥገና ቤቶች የተለመደው ቴስተር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ቴስተር የሚያውቀው ሽቦው መበጠስ አለመበጠሱን ብቻ ነው፤ ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽ ተልጦ ሁለት ዙሮች ቢነካኩ ኢንደክታንሱ ተዛብቶና የጣቢያ መለየት ችሎታው ወድቆ ሳለ፣ የኦም ንባቡ ጤነኛ ይመስላል። በ1 ኪሎኸርዝ የሚለካ ርካሽ የኢንደክታንስ መለኪያም ለአጭር ሞገድ ጥቅል አይረባም፤ 5 ማይክሮሄንሪ በዚያ ፍሪኩዌንሲ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.03 ኦም ገደማ በመሆኑ ከመለኪያው ገመድ ኦም ጋር ይምታታል፣ በ7110 ኪሎኸርዝ ግን ያው ጥቅል ከ220 ኦም በላይ ይቃወማል።

የሚታመነው ዘዴ ጥቅሉን በሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ አካባቢ መፈተን ነው። የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከራዲዮው ዑደት ተነቅሎ መጠኑ ከታወቀ ካፓሲተር ጋር ይገናኛል፣ ምልክት ከሚያመነጭ መሣሪያ (ሲግናል ጀነሬተር) የወጣ አንድ ዙር ሽቦ ሳይነካው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከዚያም ፍሪኩዌንሲው ቀስ እያለ ሲለወጥ የምልክቱን ሞገድ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ምልክቱ የሚገንንበት ነጥብ ይመዘገባል። ሆኖም የጥቅሉ ዙሮች እርስ በርሳቸው፣ የኦሲሎስኮፑ መለኪያ ጫፍም በበኩሉ፣ ያልተጻፈ ካፓሲታንስ ይጨምራሉ። ይህን ለመለየት ሁለት ካፓሲተሮችን መጠቀም ይበቃል፤ በ100 ፒኮፋራድ 835 ኪሎኸርዝ የተገኘ ጥቅል በ430 ፒኮፋራድ ወደ ግማሹ ቢወርድ፣ ድብቁ ካፓሲታንስ 10 ፒኮፋራድ መሆኑ ይታወቃል፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ፍሪኩዌንሲውን ለማጋመስ 400 ፒኮፋራድ በበቃ ነበር። ድብቁ ሲታሰብ ጥቅሉ 330፣ ሲዘነጋ ግን 363 ማይክሮሄንሪ ሆኖ ይወጣል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ኦሲሌተር የተባለው ክፍል ጥቅል ነው። በብዙ ራዲዮዎች ይህ ክፍል ከሚፈለገው ጣቢያ 455 ኪሎኸርዝ ከፍ ያለ ምልክት ስለሚያመነጭና ራዲዮው የሚያጎላው ይህን ልዩነት ስለሆነ፣ ለ7110 የሚያስፈልገው 7565 ኪሎኸርዝ ነው፤ የጥቅሉ ኢንደክታንስ በመቶ ሁለት ቢዛባ ጣቢያው ከ70 ኪሎኸርዝ በላይ ይሸሻል። ከዚህም ሌላ ያው ጣቢያ መርፌው 6200 ላይ ሲሆን ዳግመኛ ሊሰማ ይችላል፤ ኦሲሌተሩ ያን ጊዜ 6655 ላይ ስለሚሆን በእርሱና በ7110 መካከል ያለው ልዩነት እንደገና 455 ይሆናልና። የአንቴናው ጥቅል ጤነኛ ከሆነ ይህን ሐሰተኛ ድምፅ ያዳክመዋል፤ እርጥበት የጠጣ ወይም ዙሮቹ የተነካኩ ጥቅል ግን ሁለቱን አይለይም። ጣቢያው በሁለት ቦታ ሲሰማ የውስጥ ዊንጮችን መጠምዘዝ የሚቀናው ጠጋኝ ሐሰተኛውን እንደ እውነተኛ ቆጥሮ ኦሲሌተሩን ካስተካከለ፣ በፊቱ ሰሌዳ ላይ የታተሙት ቁጥሮች በሙሉ ስለሚፋለሱ፣ የአንቴናውን ጥቅል አስቀድሞ መለካት ይሻላል።