ሕፃናት የእንስሳት ተረት ለምን ይወዳሉ?

በቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያንሰው ሕፃን ነው፤ ሁሉም ያዝዘዋል፣ ሁሉም ይቆጣዋል። በተረት ግን ትንሿ እመት ጦጢት ግዙፉን አያ ጅቦን በብልሃት ስትረታው ይሰማል፤ በድሏም እንደ ራሱ ድል ይደሰታል። ደግሞም የጅብ ሆዳምነትና የአህያ ሞኝነት አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሚመጣውን መገመት ይችላል። ሆዳሙ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ለመፍረድ ይፈራ ነበር፤ በጅብ ላይ ግን ያለ ሥጋት ይፈርዳል። ከዚህም በላይ፣ ማታ ከአጥር ውጭ ሲጮኽ የሚያስፈራው ጅብ በምድጃው ዳር መሳቂያ ይሆናል፤ ፍርሃቱ የቀለለለት ልጅም በሰላም ይተኛል።

እንግዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፣ ተረትን የአሮጊት ወሬ ነው ብለን አንናቀው። ታናናሾቻችን «ተረት ተረት» እንድንላቸው ይጠብቁናል። ምክሩንም ለማስረዳት አንቸኩል፤ ልጁ ከሳቀ ገብቶታል።