የቤተ ሰብ ፊልም ከዲስክ ወደ ታብሌት ስለ ማዛወር

በብዙ ቤቶች ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከተቀመጠበት ብፌ መሳቢያ ቢከፈት ጥቂት ዲስኮች ተደራርበው ይገኛሉ። በአንዱ ላይ «ሠርግ»፣ በሌላው ላይ «መልስ»፣ በሦስተኛው ላይ «ክርስትና» የሚል ጽሑፍ በወፍራም ብዕር ተጽፎባቸዋል። በነዚህ ዲስኮች ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያቶች ቆመው ሲመርቁ፣ ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሱት ልጆችም ገና በእቅፍ ሳሉ ይታያሉ። ፊልሙን ያነሣው ቪዲዮ ቤት ምናልባት ከተዘጋ ቈይቷል፤ በካሜራው ካሴት ላይም የሌላ ሰው ሠርግ ተቀርጾበት ይሆናል። ስለዚህ በመሳቢያው ውስጥ ያለው ዲስክ ምንም እንኳ ሲሰጥ ቅጂ ተብሎ የተሰጠ ቢሆን፣ አሁን ብቸኛው ዋና እርሱ ነው።

ዲስኩን የሚያጫውተው መሣሪያ ግን ከገበያ እየራቀ ሄዷል። ዲቪዲ ማጫወቻ በመጀመሪያ በጃፓን አገር ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ደንቡ የወጣለት ቪሲዲ በእስያና በአፍሪቃ ገበያ ስለ ተስፋፋ፣ በአገራችንም ዘፈንና ድራማ ለብዙ ዓመታት በእርሱ ሲሸጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው አፕል ኩባንያ አይፓድ የተባለውን ታብሌት ለገበያ ሲያቀርብ ዲስክ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት የሌሎች ኩባንያዎች ታብሌቶችም እንደዚሁ ናቸው። የውጭ ዲስክ አንባቢ በገመድ ቢያያዝላቸው እንኳ አብዛኞቹ አያውቁትም። አዳዲሶቹ ተጣጣፊ ኮምፒዩተሮችም የዲስክ ማስገቢያቸውን ትተዋል። ከዚህም የተነሣ ደንበኛው ዲስኩን በፌስታል ይዞ ወደ ሱቅ ይመጣና «ይህን በታብሌት ላይ እንዳየው አድርጉልኝ» ይላል።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በየሱቁ ተበላሽቶ የሚሠራበትም ምክንያት ይኸው ቀላል መምሰሉ ነው። ብልሽቱ የሚታወቀው ደግሞ ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ ከሄደና ዲስኩንም «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ከጣለው በኋላ ነው።

አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በውስጡ ያለው ሥዕል ኤምፔግ 2 በሚባል ዘዴ ተጨምቆ የተቀመጠ ሲሆን፣ ታብሌት አጥርቶ የሚያነበው ግን ኤም ፒ 4 በሚባለው ፋይል ውስጥ በኤች 264 ዘዴ የተቀመጠውን ነው። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን፣ ለተመሳሳይ ጥራት የሚፈልገው ቦታ ከቀድሞው ግማሽ ያኽል ነው። ስለዚህ ማዛወር ሲባል ፊልሙን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ እንደ መተርጐም ያለ ሥራ ነው፤ በትርጕምም ጊዜ ጥቂት ነገር መቅረቱ አይቀርም። የባለሙያው ተግባር የሚቀረው ነገር ዐይን የማያየው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው።

በብዛት የሚታየው ስሕተት የሚከተለው ነው። ዲስኩ በኮምፒዩተር ሲከፈት «ቪዲዮ ቲ ኤስ» የሚባል ፎልደር ይገኝበታል። በዚያ ውስጥ ፊልሙ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቍራጮች ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ አንድ ሙሉ ዲስክ የሞላ ሠርግም አራት ወይም አምስት ቍራጭ ይሆናል። የሱቁ ልጅ የመጀመሪያውን ቍራጭ ብቻ ይገለብጥና የስሙን መጨረሻ ለውጦ ኤም ፒ 4 ይለዋል። ስም መለወጥ በውስጡ ያለውን አይለውጥምና አንዳንዱ ታብሌት ፈጽሞ አይከፍተውም። ሌላው ቢከፍተውም፣ ፊልሙ 20 ደቂቃ ያኽል እንደ ሄደ፣ ሚዜዎቹ ገና ከሙሽራዪቱ ቤት ደጅ ሳይደርሱ ይቋረጣል። ደንበኛው በሱቁ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች አይቶ፣ ደስ ብሎት፣ አመስግኖ ሄዷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊልሙን በቴሌቪዥን እያጫወቱ ስልክ ፊቱ ደቅኖ መቅረጽ ነው፤ በዚህ ዓይነት የተሠራው ፊልም የመስኮቱን ብርሃንና የሱቁን ጫጫታ ጭምር ይዞ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ መቀበል አያስከብርም።

ሥራው በሚገባ ሲሠራ ከመጀመሪያው ነገር ማየት ይቀድማል። ዲስኩ በብርሃን ፊት ተይዞ ይመረመራል፤ ከቈሸሸም ለስላሳ ጨርቅ ተይዞ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ በዙሪያው አይታሽም። ምክንያቱም ጽሑፉ በዲስኩ ላይ የተዘረጋው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ስለ ሆነ፣ ጽሑፉን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከየዙሩ ጥቂት ብቻ ይነካል፤ ይህንንም አንባቢው በራሱ ስሌት አርሞ ያልፈዋል። ጽሑፉን ተከትሎ የዞረ ጭረት ግን ተከታታይ የሆነ ረዥም ክፍል ስለሚያጠፋ መጠገኛ የለውም። በቪዲዮ ቤት የተቀዱት ዲስኮች ጽሑፋቸው ያረፈው በቀለም ላይ መሆኑንም ማወቅ ይገባል፤ ይህ ቀለም በፀሐይና በሙቀት ስለሚደክም፣ በመስኮት አጠገብ ወይም በመኪና ውስጥ የቈየ ዲስክ ጭረት ባይኖርበትም ላይነበብ ይችላል። የሙሽሮቹ ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት የተለጠፈበትን ዲስክ ልጣፉን ለማንሣት መሞከር አይገባም። ይልቁንም በሲዲና በቪሲዲ ላይ አብረቅራቂው ሽፋን ከልጣፉ ሥር ወዲያው የሚገኝ በመሆኑ ከወረቀቱ ጋር ተላጦ ሊወጣ ይችላል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በትናንሾቹ ዲስኮች ላይ ነው። በአንድ ወቅት በዲስክ ላይ የሚቀርጹ የእጅ ካሜራዎች ይሸጡ ነበር፤ ዲስካቸው ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር፣ የሚይዘውም 1.4 ጊጋባይት ያኽል ነው። ባለቤቱ በካሜራው ላይ የመዝጊያውን ትእዛዝ ሳይሰጥ ዲስኩን አውጥቶት ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ባዶ ነው ይለዋል። ባለሱቁም ይህን አምኖ «ባዶ ነው» ብሎ ከመለሰው የአንድ ቤተ ሰብ ትዝታ በዚያው ይቀራል። ኮምፒዩተሩ «ዲስኩን ላዘጋጅ?» ብሎ ቢጠይቅ ፈጽሞ እሺ ማለት አይገባም። ካሜራው እስካሁን በደንበኛው ቤት ካለ አስመጥቶ በእርሱ መዝጋት፣ ካሜራው ከሌለ አይሶበስተር የተባለውንና ያልተዘጋ ዲስክ የሚያነበውን ፕሮግራም መሞከር ይቻላል። ትንሹን ዲስክ ያለ መሳቢያ በቀዳዳ ብቻ በሚቀበል አንባቢ ውስጥ መክተትም ክልክል ነው፤ ገብቶ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ይኸውም ፊልሙን ከመጨመቅ በፊት የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ምንም ሳይቀነስለት በኮምፒዩተሩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብዙዎቹ ሱቆች ይህን የሚዘሉት ጊዜ ይወስዳል በማለት ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ ዲቪዲ በተራ ፍጥነት ቢገለበጥ አንድ ሰዓት ያኽል የሚፈጅ ሲሆን፣ አሁን በሚሸጡት አንባቢዎች ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ የደከመው ዲስክ አንድ ጊዜ ብቻ ይሽከረከራል፤ ማዛወሩ ቢበላሽም ከግልባጩ እንደገና ይሠራል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የተሻለ ዘዴ ቢመጣም ያልተነካው ዋና በእጅ ይገኛል። የተጐዳ ዲስክ ሲያጋጥም ዲ ዲ ሬስኪው የሚባል፣ ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ እርሱም በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ አስቸጋሪው ክፍል በኋላ ይመለሳል። ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሊቈይ ይችላል። አንዱ አንባቢ እምቢ ያለውን ዲስክ የሌላ ፋብሪካ አንባቢ የሚያነብበት ጊዜም ስላለ፣ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሱቅ ሁለት ዓይነት አንባቢ ቢኖረው ይበጃል።

ለማዛወሩ ሃንድብሬክ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ከግልባጩም ቍራጮቹን በቅደም ተከተል አገናኝቶ አንድ ፋይል ያደርጋቸዋል። በአገራችን ቴሌቪዥን ደንብ የተቀዳ ዲቪዲ ሥዕሉ በቁመት 576 መስመር፣ በሰከንድም 25 ምስል ስለ ሆነ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ለዚሁ ልክ የተዘጋጀውን መምረጥ ነው። የጥራቱ ቍጥር ከ18 እስከ 22 ባለው ውስጥ ቢሆን መልካም ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱም የፋይሉም ክብደት ይጨምራል። አንዳንድ ሱቆች «የድሮ ሠርግዎን ኤች ዲ እናደርጋለን» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። 576 መስመር ያለውን ሥዕል ወደ 1080 መለጠጥ ካሜራው ያላየውን ነገር ሊፈጥር አይችልም፤ ቦታ ማባከን ብቻ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን በዐይን የሚታይ ልዩነት ያመጣሉ። የድሮው ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በአንድ ጊዜ አያቀርብም፤ በመጀመሪያ ግማሹን መስመሮች፣ ቀጥሎ በመካከላቸው ያሉትን ያሳያል። የድሮው ቴሌቪዥን ይህን ያስማማው ነበር፤ ታብሌቱ ግን ሁለቱን ባንድነት ስለሚያሳይ፣ እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያስታርቀው ማጣሪያ በፕሮግራሙ ውስጥ ስላለ መብራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሥዕሉ ስፋት ነው። የቀድሞው ቴሌቪዥን በ4 ለ 3 መጠን የተሠራ በመሆኑ፣ ሥዕሉ የታብሌቱን መስታወት እንዲሞላ ተብሎ ከተለጠጠ ሙሽራዪቱ ያለ ልኳ ወፍራ ትታያለች። በግራና በቀኝ የሚቀረው ጥቍር ቦታ ጉድለት አለመሆኑን ለደንበኛው ማስረዳት ይሻላል።

ቪሲዲን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሥዕሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ በትልቅ ታብሌት ላይ ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ ሥራው ሳይጀመር ይህን ለደንበኛው መንገር ከኋላ ክርክር ያድናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ጉዳይም በዚህ ሥራ ውስጥ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተላከ የሠርግ ዲቪዲ በአሜሪካ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ እምቢ ይል ነበር፤ ምክንያቱም በአገራችን ፓል፣ በአሜሪካ ደግሞ ኤን ቲ ኤስ ሲ የሚባሉ የተለያዩ የቴሌቪዥን ደንቦች ስለ ነበሩ ነው። ፊልሙ ወደ ኤም ፒ 4 ከተዛወረ በኋላ ይህ ልዩነት በታብሌት ላይ አያስቸግርም። በቴሌግራም ለመላክ የሚፈልግ ደንበኛ ግን «ቪዲዮ» ብሎ ሳይሆን «ፋይል» ብሎ እንዲልክ ይነገረው፤ አለዚያ ፊልሙ በመንገድ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሊጨመቅ ይችላል።

ለአስመጪዎች የሚሆን ጥቂት ቃል አለ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ዕቃ በዩ ኤስ ቢ የሚሠራ የውጭ ዲቪዲ አንባቢና ታማኝ የሆነ ፍላሽ ወይም የማኅደር ካርድ ነው። በካርዱ በኩል ማታለል በዝቷል፤ በላዩ 64 ጊጋባይት የሚል ተጽፎበት በውስጡ ከ8 የማይበልጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ካርድ ፋይሉን የተቀበለ መስሎ ይቈይና በሚከፈትበት ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ካርዱን እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣልና፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን ሳይፈትኑ መረከብ አይገባም። ፋት 32 በሚባለው ዓይነት የተዘጋጀ ካርድ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል፣ ሙሉው ግልባጭ የሚሰጥ ከሆነ ኤክስ ፋት በሚባለው መዘጋጀት አለበት።

እዚህ የተነገረው ሁሉ ቤተ ሰቡ ራሱ ስላስቀረጸው ፊልም ነው። ለንግድ የወጡ ፊልሞች በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቁ ናቸውና፣ በዚሁ ኮምፒዩተር እያባዙ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ዋጋን በሚመለከት፣ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ ዓይነት ሒሳብ መቍረጥ የተጐዳውን ዲስክ በችኰላ ወደ መሥራት ይገፋፋል። ምርመራውን፣ ግልባጩንና ማዛወሩን ለየብቻ ቈርጦ፣ ማይነበብ ዲስክ ሲገኝ ምርመራውን ብቻ ማስከፈል ለሁለቱም ወገን ፍርድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደንበኛው በሱቁ ውስጥ፣ በራሱ ታብሌት ላይ፣ የፊልሙን መጀመሪያ፣ መካከሉንና መጨረሻውን ከነድምፁ ያያል። ዲስኩም በሽፋኑ ሆኖ፣ እንዳይጥለው ከሚነገር ቃል ጋር ይመለስለታል። በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የቀረው ግልባጭ እስከ መቼ እንደሚቈይ በደረሰኙ ላይ ተጽፎ፣ ቀኑ ሲደርስ ይደመሰሳል፤ የሰው ልቅሶና ሠርግ ለሌላ ደንበኛ የሥራ ናሙና ሆኖ አይታይም።