የመኪና መስታወት እምቢ ሲል

መኪና ብዙ ዓመት ሲያገለግል ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የበር መስታወት ነው። አንድ ቀን ማብሪያውን ስንጫነው ዝም ይላል። ወይም ወርዶ አልወጣም ይላል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ዝናቡ ይገባል። መኪናውን ቆልፎ መሄድም አይቻልም። ለታክሲ ነጂ ደግሞ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መስታወቷ ተከፍቶ በቀረ መኪና በዝናብ ቀን ማን ይሳፈራል?

በአገራችን መኪና ቶሎ አይጣልም። 20 እና 30 ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ዛሬም ይሠራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ ያለችውን መኪና ጠግኖ መያዝ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል።

ታዲያ መስታወቱ እምቢ ሲል ቶሎ የሚባለው «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ሌላ ይገዛ» ነው። ገንዘብ ወጥቶ ሌላ ሞተር ይገባል። መስታወቱ ግን እንደ በፊቱ ዝም! ለምን ቢሉ፣ ችግሩ መጀመሪያም ከሞተሩ አልነበረማ! ይህ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይባላል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ እንፈልግ። ለመፈለግ ደግሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?

ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይነሳል። በፊውዝ አልፎ ወደ ማብሪያው ይሄዳል። ከማብሪያው በሽቦ ወደ በሩ ውስጥ ይገባል። በበሩ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ። ሞተሩ ሲዞር ማንሻውን ያንቀሳቅሳል። ማንሻው መስታወቱን ተሸክሞ ይወጣል፣ ይወርዳል። በአንዳንድ መኪና ማንሻው እንደ መቀስ የተቆላለፈ ብረት ነው። በሌላው ደግሞ በቀጭን የብረት ገመድ የሚጎተት ነው።

ሞተሩ ሁለት ሽቦ አለው። ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ገብቶ በሌላው ሲወጣ መስታወቱ ይወጣል። መንገዱ ሲገለበጥ ይወርዳል። መንገዱን የሚገለብጠው ማብሪያው ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች የሌሎቹ በሮች ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በሾፌሩ በር ላይ ባለው ዋና ማብሪያ በኩል ነው። እንግዲህ የኋላ መስታወት እምቢ ሲል፣ ጥፋቱ ከፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ብልሽቱን እንዴት እናገኘዋለን?

አንደኛ፣ እምቢ ያለው አንዱ መስታወት ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ብለን እንጠይቅ። አራት ሞተር በአንድ ቀን አይቃጠልም። ሁሉም ከቆሙ ፊውዙን አውጥተን እንይ። የሾፌሩ እየሠራ የሌሎቹ ብቻ ከቆሙ፣ በሾፌሩ በር ላይ ያለው የመስታወት መቆለፊያ ተጭኖ እንዳይሆን እንመልከት። በዚህ ምክንያት ጋራዥ መሄድ ከንቱ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ከበሩ ማብሪያም ከሾፌሩ ማብሪያም እንሞክረው። ከአንዱ ሠርቶ ከሌላው እምቢ ካለ ሞተሩ ደህና ነው። ጥፋቱ ከማብሪያው ወይም ከማብሪያው ሽቦ ነው።

ሦስተኛ፣ ጆሯችንን ወደ በሩ አስጠግተን እንስማ። ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ ካልተነሳ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ መኪናውን ጨለማ ቦታ እናቁምና የውስጡን መብራት አብርተን ማብሪያውን እንጫን። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ዘንድ ደርሷል፤ ነገር ግን ሞተሩ ታንቆ መዞር አቅቶታል። መብራቱ ካልተለወጠ ኤሌክትሪኩ በመንገድ ቀርቷል፤ ወይም ሞተሩ ውስጡ ተቋርጧል።

አራተኛ፣ ይህን የመጨረሻውን ለመለየት የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። የበሩን ሽፋን ፈትተን የሞተሩን ሶኬት እንነቅላለን። የአምፖሉን ሁለት ሽቦ በሶኬቱ ላይ አስነክተን ሌላ ሰው ማብሪያውን ወደ ላይም ወደ ታችም ይጫን። አምፖሉ በሁለቱም ከበራ ሞተሩ ሞቷል። ካልበራ ግን ሞተር መግዛት አያስፈልግም፤ ሽቦውን ወደ ኋላ እየተከተልን እንፈትሽ።

ብልሽቱ ሲገኝ ምን ይደረጋል?

በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በማጠፊያው በኩል ያለፈው ሽቦ አብሮ ይታጠፋል። ሺህ ጊዜ ሲታጠፍ በጎማ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ይበጠሳል። ከውጭ አይታይም። የተበጠሰውን ሽቦ ጠምዝዞ መተው አይበጅም። ቁራጭ ሽቦ ጨምሮ ማስረዘም፣ በቆርቆሮ መበየድ፣ ከዚያ በደንብ መሸፈን ያስፈልጋል።

ማብሪያው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ውስጡ አቧራ ገብቶበት ወይም ጠቁሮ ነው። በጥንቃቄ ከፍተን የሚነካኩትን ብረቶች በአልኮል በነከርነው ጨርቅ ብንጠርጋቸው እንደገና ሊሠራ ይችላል።

መስታወቱ የሚወጣው እየተጎተተ ከሆነ፣ የሚንሸራተትበት ጎማ ቆሽሿል ወይም ደርቋል። በእርጥብ ጨርቅ እናጽዳው፤ ሲደርቅ ሲሊኮን እንቀባው። የሞተር ዘይት ግን አይቀባም። ጎማውን ያበላሻል፤ አቧራም ይሰበስባል። ይህን ቸል ካልን ሞተሩ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ እየታገለ በመጨረሻ በእርግጥ ይቃጠላል።

ሥራው ሲያልቅ ከበሩ ሽፋን ኋላ ያለው ላስቲክ በቦታው ይመለስ። ብዙ ሰው «ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጥለዋል። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ወደ መቀመጫው እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ውኃው የሚወጣባቸው የበሩ የታች ቀዳዳዎችም አይደፈኑ፤ ከተደፈኑ በሩ ይዝጋል።

ጥንቃቄ

ፊውዝ ሲቃጠል በቦታው ሽቦ አስሮ መሄድ መኪናን ለእሳት መስጠት ነው። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ እንዲቀልጥ ነው። 20 አምፔር ከሆነ በ20 ይተካ፤ 30 ከሆነ በ30። ቁጥሩ በላዩ ተጽፏል።

ማንሻውን ከመፍታታችን በፊት የባትሪውን ሽቦ እንንቀል። መስታወቱንም ወደ ላይ አንስተን ከበሩ ጋር በማጣበቂያ ፕላስተር እንሰረው፤ አለዚያ ወርዶ ይሰበራል። በመቀስ ዓይነቱ ማንሻ ላይ ደግሞ የተወጠረ ሞላ አለ። ማንሻው ሳይታሰር ሞተሩ ከተፈታ ብረቱ በኃይል ይፈናጠራል። ጣት ይሰብራል። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ለመካኒክ ይተወው።

ከሁሉም በላይ ስለ ልጆች እናስብ። በአሮጌ መኪኖች ላይ ጫን ሲሉት መስታወቱን የሚዘጋ ማብሪያ ይገኛል። ልጅ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሳለ በጉልበቱ ቢጫነው መስታወቱ ያንቀዋል። ብዙዎቹ አሮጌ መስታወቶች የሚያግዳቸው ነገር ሲኖር አይመለሱም። ስለዚህ ልጆች ሲሳፈሩ መቆለፊያውን እንጫን። ከመኪናው ስንወርድም ቁልፉን ነቅለን እንያዝ።

እንግዲህ የሚያስፈልገን ብዙ መሣሪያ አይደለም። አንድ አምፖል፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የሚሰማ ጆሮና ትዕግሥት ነው። መካኒክ ዘንድ ብንሄድ እንኳ «ሞተሩን ቀይርልኝ» ከማለት «ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ድረስ አይደርስም» ብለን ብንነግረው ለእሱም ሥራው ይቀለዋል፤ ለእኛም ገንዘባችን ይተርፋል።

ጥያቄዎች

1. አራቱም መስታወቶች በአንድ ጊዜ ቢቆሙ መጀመሪያ ምን ማየት ይገባል?
2. በማጠፊያው በኩል ያለው ሽቦ ለምን ይበጠሳል?
3. በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ማሰር የሚያስከትለው አደጋ ምንድን ነው?