የቆርቆሮው ዝናብ፣ የራስጌው መሣሪያና ስልኩ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና ደጋማ ቀበሌዎች፣ በክረምት ዝናብ ሲዘንብ በሚያድርባቸው ሌሊቶች የቆርቆሮ ጣራው ድምፅ ጆሮን ይሞላል፤ ሰው ግን በሥሩ ድብን ብሎ ይተኛል። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የአንድ ውሻ ጩኸት ያባንነዋል። ለመሆኑ ትልቁ ድምፅ ሲያስተኛን ትንሹ ስለ ምን ይቀሰቅሰናል?

ነገሩ ያለው ከድምፁ መጠን ይልቅ በለውጡ ላይ ነው። የተኛ ሰው አንጎል መስማቱን አያቋርጥም፤ ነቅቶ የሚጠብቀው ከተለመደው የተለየውን ነው። የውሻው ጩኸት በጸጥታ መካከል ጎልቶ ሲወጣ፣ በዝናብ ውስጥ ግን ይሸፈናል። ድግግሞሾችን ሁሉ እኩል የያዘ ድምፅ፣ ቀለማትን ሁሉ ከያዘው ብርሃን ጋር ተመሳስሎ «ነጭ ድምፅ» ይባላል፤ ዝናብም የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

ይህን መሰል ድምፅ የሚያሰማ የራስጌ መሣሪያ በአሜሪካ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ በሆዱ የያዘው አነስተኛ ማራገቢያ ነበር። ዛሬ ያው ድምፅ በስልክ መተግበሪያ በነጻ ይገኛል። ታዲያ በውጭ አገር ያለ ዘመድ «መሣሪያውን ልላክላችሁ?» ቢል ምን እንመልስለት?

አስቀድሞ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ይነበብ። የአሜሪካ መስመር 120፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ፣ ለዚያ ብቻ የተሠራው ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪ የሌለው ከሆነም መብራት በጠፋ ቁጥር ድምፁ ድንገት ይቋረጣል፤ ድንገተኛው ጸጥታ ራሱ ለውጥ ነውና እንቅልፍን ሊነሣ ይችላል። ስልክ በባትሪው ይሠራል፤ ሆኖም መልእክትና ብርሃን ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ትንሿ ድምፅ ማጉያው ወፍራም ድምፆችን በሚገባ ስለማታወጣ የከባድ መኪናን ጉርምርምታ መሸፈን ይሳናታል። እኛ ግን ገንዘብ ከማውጣት በፊት ስልኩን መሞከር ይበጃል እንላለን፤ ድምፁ ቀድሞ ይጫን፣ ስልኩም ወደ በረራ ሁነታ ይዙር። አጭር ቅጂ እየተደጋገመ የሚያሰማ መተግበሪያ ግን አይመረጥ፤ ጆሮ መጋጠሚያውን ለይቶ ይጠብቀዋልና።

ደግሞም ብዙ ተስፋ አይጣልበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ግምገማ 38 ጥናቶችን መርምሮ የማስረጃው ጥራት እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን ገልጧል።

የሚያሳስበው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳ ተመራማሪዎች ለሕፃናት የተሠሩ 14 መሣሪያዎችን እስከ መጨረሻው ከፍተው በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢለኩ፣ ሁሉም በሆስፒታል ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከተመከረው 50 ዴሲቤል አልፈው ተገኙ፤ ሦስቱማ ከ85 በላይ ነበሩ። ስለዚህ መሣሪያውም ሆነ ስልኩ ከአልጋው ርቆ፣ ድምፁም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ በጠባብ ክፍል ግን ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ያንሳል። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ አጠገቡ ያስተኛ ሰው፣ ሊሸፈን የማይገባው ጥሪ አለና፣ ድምፁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀስ በቀስ እየደከመ እንዲጠፋ አድርጎ ይተኛ።