መዝገቡ ይበልጥ የሚጠቅመው ሩቅ ላለው ነው

ማንም ሰው ኮዱን አይቶ፣ ቀድቶና አሻሽሎ የሚጠቀምበት ክፍት ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ኦፕን ሶርስ የሚባለው፣ ዛሬ ከእጅ ስልካችን አንስቶ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ገብቷል። የሱዳንም የኢትዮጵያም ጤና ሚኒስቴሮች የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስቡበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ላለ ሥራ እጁን መዘርጋት የሚፈልግ ፈቃደኛ ኮድ ጽፎ በመላክ ብቻ አያበቃም። ብዙ ፕሮጀክቶች «መጀመሪያ ችግሩን መዝገባችን ላይ አስመዝግብ፣ ቁጥር ያዝ፣ ከዚያ ኮድህን ከቁጥሩ ጋር አያይዘህ ላክ» ይሉታል። ባለሙያዎቹ የተመዘገበውን ጉዳይ ኢሹ ወይም ትኬት ይሉታል። ለጀማሪ ይህ ሁሉ ምልልስ ቢመስለው አይገርምም። ነገሩ ሲመረመር ግን ግዴታው ከማንም በላይ የሚጠቅመው ከማዕከሉ ርቆ ለሚሠራው፣ ለምሳሌ በሱዳን ካርቱም ላለ ወጣት ፕሮግራመር ነው፤ የመዝገቡ በር ለእሱም ክፍት እስከሆነ ድረስ።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የሱዳን ስልክ ቁጥር በዓለም አቀፍ አጻጻፍ በመደመር ምልክትና በ249 ይጀምራል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ቁጥር ግን በዐረብኛ ጽሑፍ ውስጥም ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሁለቱን አቅጣጫዎች ያላገናዘበ ፎርም ላይ ቁጥሩ በክፍት ቦታ ተከፋፍሎ ሲገባ የመደመር ምልክቱ ቀኝ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የቁጥሩ ክፍሎችም ቅደም ተከተላቸው ይገለበጥና 249 መጨረሻ ላይ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራመር ይህን ስህተት በራሱ ስክሪን ላይ አያየውም፤ ካርቱም ያለው ተጠቃሚ ግን ወዲያው ያየዋል። «ስልክ ቁጥር አይሠራም» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የሚረዳው አያገኝም። የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ የመሣሪያውን ቋንቋ፣ ያስገባውን ቁጥር፣ እንዲታይ የጠበቀውንና በእርግጥ የታየውን በተራ ጽፎ የስክሪኑን ፎቶ ቢያያይዝ ግን ሌላ አህጉር ያለ ሰው ያንኑ ስህተት በራሱ ማሽን ላይ ሊደግመው ይችላል። ከዚያ በኋላ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል መልስ ቦታ የለውም።

ግዴታው ከሥራው ልምድ የመጣ ነው። ለድረ ገጽ ሥራ የሚያገለግለው ጃንጎ፣ እንደ ፊደል ግድፈት ካሉ ቀላል እርማቶች በቀር፣ ለሚላክለት የኮድ ለውጥ ትኬት ይጠይቃል። የፓይተን ቋንቋ ፕሮጀክት በ2022 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መዝገቡን የኮድ ማከማቻ ወደሆነው ጊትሃብ ሲያዛውር፣ ከጥቃቅን እርማቶች በስተቀር በለውጡ ርዕስ ላይ የኢሹ ቁጥር መጻፍ እንዲቀጥል አድርጓል። የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር የሆነው ኦፕንኤምአርኤስ ደግሞ ፈቃደኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትኬቱን በስሙ እንዲይዝ ይፈልጋል። ይህ ባይኖር ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ወይም አንዱ ለሳምንታት ከደከመ በኋላ «ይህን ባሕርይ አንፈልገውም» ተብሎ ይመለሳል። መብራት እየተጠባበቀና የኢንተርኔት ጥቅል በራሱ ገንዘብ እየገዛ ለሚሠራ ሰው የባከነ ድካም ዋጋው ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

የካርቱም የቅርብ ዓመታት ታሪክ ሌላም ማስረጃ ይሰጣል። በጁን 2019 በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች በኃይል ሲበተኑ የሞባይል ኢንተርኔት ለአምስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ካርቱም ላይ ከፈነዳ በኋላም በፌብሩዋሪ 2024 የአገሪቱ ዋና ዋና የስልክ ኔትወርኮች ተቋርጠዋል። ሥራው በስልክ ወሬና በቀጥታ ውይይት ብቻ የሚመራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የተቋረጠ ሰው ሲመለስ እንግዳ ይሆን ነበር። መዝገብ ካለ ግን የተባለውም፣ የተወሰነውም፣ የቀረውም ሥራ በቁጥሩ ሥር ይጠብቀዋል፤ እሱ መመለስ ባይችል እንኳ ሌላ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል። በ2002 በፋየርፎክስ ማሰሻ ሠሪው በሞዚላ መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ ችግር፣ ከፕሮግራሙ ወደ ሌላ መስኮት ሲኬድም ሳይጠፋ የሚቀረው የማብራሪያ ጽሑፍ፣ የተስተካከለው በ2023 ነው። መዘግየቱ የሚያስመሰግን ባይሆንም ባይመዘገብ ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሆኖም መዝገቡ ግዴታ ከሆነ፣ መዝገቡን መከልከል ከሥራው ማባረር ነው። ይህም በካርቱም ላይ በተግባር ደርሷል። በጃንዋሪ 2010 በዘመኑ ከትልልቆቹ የክፍት ሶፍትዌር ማከማቻዎች አንዱ የነበረው ሶርስፎርጅ የአሜሪካን የማዕቀብ ሕግ ጠቅሶ ከሱዳን፣ ከኢራን፣ ከሶርያ፣ ከኩባና ከሰሜን ኮርያ የሚመጡ ተጠቃሚዎችን ዘጋ። የካርቱሙ ፕሮግራመር ኮዱን ማውረድም ሆነ ችግር ማስመዝገብ አልቻለም። ተቃውሞ ሲበረታ ድርጅቱ በቀጣዩ ወር ውሳኔውን ለየፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ተወ። በሱዳን ላይ የነበረው ሰፊው የንግድ ማዕቀብ የተነሣው ግን በኦክቶበር 2017 ነው። ስለዚህ ግዴታ የሚያወጣ ፕሮጀክት መዝገቡ የት አገር እንደተቀመጠና በማን ሕግ ሊዘጋ እንደሚችል የማሰብ ኃላፊነትም አለበት። ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሆነው ዴቢያን ከ1994 ጀምሮ የሚጠቀምበት መዝገብ በኢሜይል የሚሠራ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ሪፖርቱን ጽፎ ኔትወርክ ሲመጣ መላክ ይቻላል። እንዲህ ያለው አሠራር ለካርቱም ይመቻል።

«ይህ ሁሉ ሥርዓት የፈቃደኛን ወኔ ይገድላል» የሚሉ አሉ። ቅሬታው እውነት አለው፤ አንዲት ፊደል ለማረም ረጅም ፎርም ማስሞላት ማንንም ያባርራል። መፍትሔው ግን ጃንጎና ፓይተን እንዳደረጉት ጥቃቅኑን ነፃ ማውጣት እንጂ መዝገቡን መተው አይደለም። «የሊነክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነው ከርነል ያለ ትኬት ግዴታ በኢሜይል ብቻ ተገንብቶ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሣል። እዚያም ቢሆን እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደተደረገ ከኮዱ ጋር ተጽፎ ለሕዝብ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የጎደለው ቁጥሩ እንጂ መዝገቡ አይደለም። ሦስተኛው ተቃውሞ የቋንቋው ነው፤ መዝገቦቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ይህ ከባድ መሰናክል ነው። ነገር ግን በተራ የተዘረዘሩ እርምጃዎችና የስክሪን ፎቶ በስብሰባ ላይ በፍጥነት ከመከራከር ያነሰ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ ጸሐፊውም አስቦና መዝገበ ቃላት ገልጦ ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ፕሮጀክቶች ግዴታውን ሲያወጡ ምክንያቱን ይጻፉ፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ኢሹዎችን ለይተው ያስቀምጡ፣ ለተመዘገበው ሁሉ «አይተነዋል» የሚል አጭር መልስ እንኳ ይስጡ። በካርቱምም በአዲስ አበባም የሚያስተምሩ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ከኮድ አጻጻፍ ጋር የችግር አጻጻፍን ያስተምሩ። በአማርኛም ሆነ በዐረብኛ የሚበላሸውን ሶፍትዌር ቀድመን የምናየው እኛ ነን፤ ያየነውን በሥርዓት ካላስመዘገብነው ችግሩ መኖሩን ሌላው የሚያውቅበት መንገድ የለም።